ሁለት ሴቶች በአንድ ፍሬን ላይ

ስለ መኪና ምንም የማታውቁ ብትሆኑም ይህን ገጠመኝ ለመከታተል አትቸገሩም። ማወቅ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ቦታው ሲደርስ እኔ አስረዳችኋለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ራሴንና አንዲት የምወዳትን ሰው ገደል አፋፍ ያደረሰን ይኸው ማስረዳት መውደዴ ነው።

ያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ከኮሌጅ ወጥቼ በፊዚክስ መምህርነት ጋምቤላ ከተመደብኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ክልሉ ራሱን ማስተዳደር የጀመረበት ሰሞን ስለነበር ሁሉም ነገር አዲስ ነበር። በየቢሮው በር ላይ ቀለሙ ያልደረቀ ጽሑፍ ይታያል፤ በትምህርት ቤታችንም ሕጻናቱን በየትኛው ቋንቋ እናስተምር የሚለው ክርክር በየዕረፍቱ ይነሳል። እኔ በክርክሩ ብዙም አልገባም ነበር። የእኔ ሥራ ፊዚክስ ነው፤ ፊዚክስ ደግሞ የትም ያው ነው ብዬ አምናለሁ። በአራት ቀለም ጠመኔ እጽፋለሁ፤ ሥዕሎቼን በማስመሪያ እሥላለሁ፤ ተማሪ መልስ እየሰጠ ቃል ሲጠፋው እንዳይሳቀቅ ብዬ ዐረፍተ ነገሩን ቀድሜ እጨርስለታለሁ። ይህን እንደ ደግነት ነበር የምቆጥረው።

የምኖረው ከባሮ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ቤት ከሲስተር ዘነበች ጋር ተጋርቼ ነበር። ዘነበች የደሴ ልጅ ናት፤ በጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ጋምቤላ ስምንት ዓመት ኖራለች። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ስለምትበልጠኝ «እትዬ» እላታለሁ። አጭርና ቀጭን ናት። «መርፌ ስወጋ ወደ ኋላ የምገፋው እኔ ነኝ፤ ሕጻኑማ አይነቃነቅም» እያለች በራሷ ትቀልዳለች።

መኪና ነበራት። ፑኝዶ ከስደተኞች ጋር ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላት የሄደው ነው። ትንሽ፣ ቀይ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት፤ ዕድሜዋ የገፋ ቢሆንም ሞተሯ ለፍጥነት የተሠራ። የሰፈር ልጆች «ቀይ ፌንጣ» ይሏታል፤ ነዳጅ ሲሰጣት እውነትም ትዘል ነበር። ለመሄድ ችግር የለባትም። ችግሯ መቆም ላይ ነው። ዘነበች ፍሬን ስትይዝ ፔዳሉ እየላላ ወለሉ ድረስ ይሰምጣል፤ ሁለት ሦስቴ ደጋግማ ስትረግጠው ብቻ መኪናዋ ትይዛለች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብረን አቶ ኦቻን ጋ ወሰድናት። አቶ ኦቻን መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው ከወንዙ ዳር በአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር የቆመች የቆርቆሮ ክፍል ናት። አኙዋ ናቸው፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅምና ግዙፍ ሰው። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት እርሻ ውስጥ ትራክተርና የጭነት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። አማርኛን የለመዱት እዚያው በሥራ ላይ ስለሆነ ዐረፍተ ነገሮቻቸው አጫጭር ናቸው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ደግሞ ረጅም ዝምታ አለ።

ያልኳችሁን አንድ ነገር የማስረዳው እዚህ ላይ ነው። የመኪና ፍሬን በዘይት ነው የሚሠራው። ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁ ማስተር ሲሊንደር በሚባል ትንሽ ቱቦ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱ በቀጭን ቧንቧ እስከ ጎማዎቹ ሄዶ ፍሬኑን ያስይዛል። በዘነበች መኪና ፒስተኑ ላይ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ተበልተው ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጥ ነበር። ከዚህ ሌላ፣ የነጂውን እግር የሚያግዝ አንድ ክብ ዕቃ አለ፤ እሱ ከተበላሸ ቆይቷል።

አቶ ኦቻን ማስተሩን ፈትተው ካዩት በኋላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ቀለበት አዲስ አበባ አለ» አሉ። «በአውሮፕላን ይመጣል። ሁለት ሳምንት። ሦስት።»

«ሦስት ሳምንት!» አለች ዘነበች። «እኔ እኮ ቅዳሜ ጎሬ መድረስ አለብኝ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከወንዙ ማዶ ባሉ መንደሮች ኩፍኝ ገብቷል። ክትባቱ በዚያ ሳምንት በአውሮፕላን መምጣት ሲገባው ዝናቡ ማረፊያውን ጭቃ ስላደረገው በረራው ቀረ፤ በመኪና ደጋው ላይ ጎሬ ድረስ ደርሶ እዚያ ቆሟል። የጤና ጣቢያው መኪና ደግሞ ገጠር ሄዶ ጭቃ ይዞታል። ያለችው ቀይ ፌንጣ ብቻ ናት።

እነሱ ሲነጋገሩ እኔ መደርደሪያውን እቃኛለሁ። ሥርዓት የሌለው መደርደሪያ ስለሚያስጨንቀኝ ዕቃዎቹን በመጠን እየለየሁ መደርደር ጀምሬ ነበር። አንድ ሌላ ማስተር ሲሊንደር እጄ ገባ።

«አቶ ኦቻን፣ ይሄስ?»

«የፒክአፕ ነው። ትልቅ።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል። ግን ትልቅ ነው።»

ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኳቸው። በፌንጣዋ ማስተር ቀዳዳ ሌባ ጣቴ ነው የሚገባው፤ በፒክአፑ ግን አውራ ጣቴ ገብቶ ይላወሳል። ደስ አለኝ። «ትልቅ መሆኑ እኮ ነው ጥሩው!» አልኩ።

ጠመኔ ከቦርሳዬ አይጠፋም። የቆርቆሮው በር ላይ ሥዕል ጀመርኩ። «ክሪክ አለዎት አይደል? ያ በዘይት የሚሠራው? በአንድ እጅ ገፍተው ስንት ኩንታል የጫነ መኪና ያነሱበታል። ለምን? ውስጡ ያለው ፒስተን ትልቅ ስለሆነ ነው። ስፋት ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል። ይሄ ማስተር ስፋቱ ከቀድሞው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፤ ስለዚህ ፍሬኑም በዚያው ልክ ይጠነክራል ማለት ነው።»

አቶ ኦቻን ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ መኪናዋ ጎማ ጠቆሙ። «እዚያ ትልቅ፣ ጥሩ ነው።» ጣታቸውን ወደ ፔዳሉ መለሱት። «እዚህ ትልቅ፣...» ቆሙ። ቃሉን እየፈለጉ ነበር፤ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር አጉተመተሙ።

«...የበለጠ ጥሩ ነው!» ብዬ ጨረስኩላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም። እግር ይከብዳል። አጋዥ ሞቷል፤ እግር ብቻ ነው ያለው። ማን ነው የሚረግጠው?»

«ማንም ይርገጠው አቶ ኦቻን! የፈሳሽ ግፊት ሕግ ሰው አይለይም።»

ይህን ያልኩበት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ደግ፣ ታጋሽ፣ ፈገግታ የተቀላቀለበት የአስተማሪ ድምፅ።

«እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ የለም» አለች ዘነበች። «ቅዳሜ ጎሬ እደርሳለሁ ወይስ አልደርስም?»

«ትደርሻለሽ!» አልኳት፣ አቶ ኦቻን አፋቸውን ሳይከፍቱ። እሳቸው አንዴ እኔን፣ አንዴ በሩ ላይ የጻፍኩትን አዩ፤ ከዚያ መፍቻቸውን አነሡ።

ዓርብ ከመምሸቱ በፊት ሥራው አለቀ። አቶ ኦቻን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ ራሳቸው ነድተው ሞከሯት፤ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ቀጥ አለች። «ለእኔ ይቆማል» አሉና ቁልፉን ለዘነበች ሰጧት። «ለአንቺ፣ ቀስ። በከባድ ማርሽ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ። ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ በጣም ቀስ።»

ዘነበች በከተማው ውስጥ ትንሽ ዞር አለችባት። «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ድንጋይ ሆነብኝ እኮ። ቀድሞ ይሰምጥ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አይወርድም።»

«ያ ማለት እኮ ጠንክሯል ማለት ነው። እንደ አዲስ ጫማ ይለመዳል።»

ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ትምህርት ስለሌለ እኔም አብሬ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ፍሬኑ ሲሠራ ማየት ፈልጌ ነው። አቀበቱን ስንወጣ ምንም አልገጠመንም። መኪና ሽቅብ ሲወጣ ፍሬን ማን ያስታውሳል? ዘነበች በመስኮት የሚገባው አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ «ደጋ ሸተተኝ!» እያለች ትዘፍናለች። ጎሬ ደርሰን ክትባቱን በረዶ ባለው ሳጥን ተረከብን። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ክዳኑን ደግሞ ደጋግሞ እያጠበቀ፣ «እስከ ማታ ይይዛል። ካደረ ግን መጣል ነው» አለን። ሳጥኑን ከኋላ በገመድ አስረን እኩለ ቀን ሳይሞላ ተመለስን።

ከጎሬ እስከ ቡሬ ድረስ መንገዱ ብዙም አይወርድም። ከዚያ በኋላ ግን ደጋው ያልቅና ጠጠሩ መንገድ በተራራው ጎን እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። በአንድ በኩል ግንብ የመሰለ ድንጋይ፣ በሌላው ዛፍ የበቀለበት ገደል ነው። ዘነበች በሦስተኛ ማርሽ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች ስናልፍ ዝም አለች። ወሬ ስታቋርጥ አላውቃትምና ዞር ብዬ አየኋት። ላቧ ከግንባሯ ወርዶ አገጯ ደርሷል።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«እግሬ ዛለ። ስረግጠው ይይዛል፣ ግን... ሙሉ በሙሉ አይቆምልኝም።»

«ትንሽ ጠንከር አድርጊው።»

«ከዚህ በላይ ምን ላድርገው? ልቁምበት?»

ቀጣዩ ቁልቁለት ረጅምና ቀጥ ያለ ነበር። ፌንጣዋ መፍጠን ጀመረች። ዘነበች ወደ ሁለተኛ ማርሽ ልትመልሳት ስትሞክር ማርሹ ጮኸና አልገባም አለ፤ መኪናዋ ያለ ማርሽ ቀረች። ሞተሩ ይዞን የነበረውን ያህል እንኳ አጣነው። ጠጠሩ ከሥራችን እንደ ዝናብ ይንጫጫል።

ያን ጊዜ ነው ድልድዩን ያየሁት። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ጅረት ላይ የተሠራች የእንጨት ድልድይ አለች፤ ድልድዩ ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሐል ላይ ያሉትን ጣውላዎች አንሥተው ሊቀይሩ ከጎን ደርድረዋቸዋል። ከሥር ውኃው ይታያል። አንደኛው ሸሚዙን አውልቆ ያውለበልብልናል።

«ቁሚ! እትዬ፣ ቁሚ!»

«ረግጫለሁ! ረግጫለሁ እኮ!»

አየሁ፤ እውነቷን ነው። ከወንበሩ ብድግ ብላ፣ ጀርባዋን መደገፊያው ላይ ለጥፋ፣ በሙሉ ክብደቷ ቀኝ እግሯ ላይ ቆማለች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተን እንጂ ለውጥ አላመጣም። በበሩ ልዝለል ብዬ አስቤ እንደነበር አልደብቃችሁም። እጄ የበሩ መክፈቻ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን ዓይኔ ከእግሯ አልተነቀለም። ቀጭን እግር፣ በሸራ ጫማ ውስጥ፣ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ያለው ፔዳል ግን አልሰመጠም። ወለሉ ጋ አልደረሰም። ላይ ነው፤ ደርቆ ይጠብቃል። ፍሬኑ አልተበላሸም። በዚያች ቅጽበት የአቶ ኦቻን ድምፅ እንደ ደወል መጣልኝ፦ «ማን ነው የሚረግጠው?»

አላመነታሁም። በማርሹ ላይ ተሻግሬ ግራ እግሬን ወረወርኩና በእግሯ ላይ፣ በዚያ ጠንካራ ሶል ባለው የትምህርት ቤት ጫማዬ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ረገጥኩ። እጄን ጣሪያው ላይ ደግፌ ራሴን ወደ ታች ገፋሁ። ዘነበች ጮኸች። ከእግሯ አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። አላነሣሁም።

ጎማዎቹ ነከሱ። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋች፤ ኋላዋ ወደ ገደሉ ተንሸራተተና ተመለሰ፤ አቧራው ቀድሞን ወደ ድልድዩ ሄደ። ከዚያ ጸጥ አለ። አቧራው ሲገለጥ ሸሚዙን ያወለቀው ሰውዬ በሁለት እጁ የመኪናዋን ኮፈን ይዞ ቆሟል፣ እሱ ያቆማት ይመስል።

«እግርሽን» አለች ዘነበች በቀጭን ድምፅ። «እግርሽን አንሺልኝ።»

ሁለታችንም አለቀስን፤ ከዚያ ሳቅን፤ ከዚያ እንደገና አለቀስን። ሰውዬው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ አንድ ፔዳል ላይ የተደራረቡትን ሁለት እግሮች አየና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «ኑ እዩ! ሴቶቹ መኪናዋን እንደ ልብስ ስፌት መኪና በጋራ ነው የሚረግጧት!» አለ። ያ ቀልድ ያን ቀን ከውኃ በላይ አስፈልጎን ነበር።

ጫማዋን ስናወልቅ እግሯ ማበጥ ጀምሯል። ሰዎቹ ሌላ መኪና እስኪመጣ እንድንጠብቅ መከሩን። «መቼ ይመጣል?» ስንላቸው እርስ በርስ ተያዩ። «ነገ ሊመጣ ይችላል» አለ አንዱ። ዘነበች ወደ ኋላ ዞራ ሳጥኑን አየች።

«ነገ ማለት መጣል ማለት ነው» አለች። «ጣውላውን መልሱልን። እንሄዳለን።»

«በየትኛው እግርሽ?»

«በእሷ።»

እኔ በሕይወቴ መኪና ነድቼ አላውቅም። ዘነበች መሪውንና ማርሹን ያዘች፤ እኔ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ጎን ለጎን ተጣብቄያት ግራ እግሬን በሷ በኩል ዘረጋሁ። ሰዎቹ ጣውላውን መለሱልን፤ በአንደኛ ማርሽ፣ ሰው በእግሩ በሚሄደው ፍጥነት ወረድን። ከዚህ በኋላ ያለው ንግግራችን በሙሉ ይህን ይመስላል፦

«ርገጪ። ርገጪ። አጥብቂ። አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ልቀቂ አልኩሽ እኮ!»

«ለቅቄያለሁ!»

«አንቺ ልጅ፣ ክንድሽ ዓይኔን ጋረደው። ገደሉን አላየሁትም።»

«ባታይው ይሻላል፣ እትዬ።»

ያን ሁሉ ቁልቁለት እንዲህ ወረድነው። በየጥምዝምዙ ላይ፣ አቶ ኦቻን ያቺን ጥያቄ ባይጠይቁኝ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አስብ ነበር። ፍሬኑ በጠሰ ብዬ እዘል ነበር፤ እሷ ለብቻዋ ጅረቱ ውስጥ ትገባ ነበር። ሜዳው ላይ ስንደርስ ነዳጁንም እኔው እረግጥ ጀመር። ጋምቤላ የገባነው ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ነው። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሳጥኑን ሲከፍቱት በረዶው ከእፍኝ አይበልጥም፤ ብልቃጦቹ ግን ቀዝቅዘው ነበር፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ገቡ። የዘነበችን እግር ያየው ሐኪም ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ተሰብረዋል አለ። ሰኞ ጠዋት ጓደኞቿ ክትባቱን ይዘው ወንዙን ሲሻገሩ እሷ በጄሶ የታሰረ እግሯን በርጩማ ላይ አድርጋ የብልቃጥ ቁጥር በጩኸት ታስቆጥራቸው ነበር።

በመሐሉ ያለው እሑድ ግን የእኔ ነበር። ጠዋት ዘነበች ከአልጋዋ ሆና፣ «እንግዲህ አስረጂኝ» አለችኝ። «ስህተቱ የት ላይ ነው?»

ከሻንጣዋ ሁለት ሲሪንጅ ወሰድኩ፤ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም። በውኃ ሞልቼ በጉሉኮስ ቱቦ አገናኘኋቸው። ወፍራሙን ለእሷ ሰጥቼ ቀጭኑን ገፋሁ፤ በአንድ ጣት የእሷን አውራ ጣት ወደ ኋላ መለስኩት። ከዚያ ተቀያየርን። እኔ ወፍራሙን በሁለት እጄ ስገፋ እሷ ቀጭኑን በአንድ ጣት ይዛ ትስቅብኛለች። በቃ። ክሪኩ ላይ ትልቁ ፒስተን ያለው ሸክሙ ጋ ነው፤ እጃችን ያለው ትንሹ ጋ ነው። እኔ ትልቁን እግር ጋ አመጣሁት። አቶ ኦቻን «እዚያ ትልቅ፣ ጥሩ ነው፤ እዚህ ትልቅ፣...» ያሉት ይህንኑ ነበር። ሙሉ ትምህርቱን በሰባት ቃል ሊነግሩኝ ነበር፤ ሰባተኛውን እኔ ነጠቅኳቸው።

ወደ ጋራዡ ሄድኩ። አቶ ኦቻን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጭ ሸሚዛቸውን እንደለበሱ ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ። የምሰማው ቁጣ ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሲስተር ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። እግሯ ብቻ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ይህን ጊዜ አልሞላሁትም። «አማርኛሽ ፈጠነብኝ ቲቸር። እኔ ልናገር ስል አንቺ ከፊት ነሽ። አልደርስብሽም።»

ከዚያ ተነሥተው ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቀለበት ለማዘዝ ወረቀት ላይ መጠኑን እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። እሳቸው ለክተው ተናገሩ፤ እኔ ጻፍኩ። ቀለበቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥቶ የቀድሞው ማስተር ቦታው ተመለሰ፤ የእግር አጋዡም ተጠገነ። ቁልፉን ግን የዘነበች ጄሶ እስኪፈታ ድረስ አልሰጡም። እሷው ራሷ፣ በራሷ እግር ረግጣ ካልሞከረችው ሥራው አላለቀም አሉ።

ውድ አንባቢዎች፣ ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ዛሬም ጠመኔዬ በአራት ቀለም ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። እኔ ቋንቋ የሚያቀላጥፍን ሰው ሁሉ አዋቂ አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ቃል እየፈለገ የሚቆመውን ደግሞ መልሱን እንደማያውቅ። በአፍ መፍቻዬ ስለማስተምር በዚያ ሚዛን ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። አሁን ተማሪ መልስ እየሰጠ ሲቆም እጄን ከጀርባዬ አድርጌ እጠብቃለሁ። አማርኛው እንቢ ሲለው በአኙዋኛ ወይም በኑዌርኛ ይናገርና ጓደኛው ይተረጉምልናል። የክፍለ ጊዜው ግማሽ እንዲህ ሲያልቅ የሚበሳጩብኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ ተማሪ፣ ጀልባ ለምን እንደምትንሳፈፍ ከመጽሐፉ በተሻለ ሲያስረዳ ሰምቻለሁ። እናንተም ቤት ውስጥ፣ ሥራ ቦታ፣ ቃል እየፈለገ የቆመ ሰው ካለ፣ እባካችሁ፣ ጥቂት ጠብቁት።

ደጋ ተዛውሬ እንድመለስ ዕድል ደርሶኝ ነበር፤ አልፈለግሁትም። ስለተሰጠኝ ሕይወት፣ ስለ ዘነበች፣ ከሁሉም በላይ ያቺን ጥያቄ ስለጠየቀኝ ሰው በየቀኑ አመሰግናለሁ።

አቶ ኦቻን አማርኛ መናገር እንጂ ማንበብ ስለማይችሉ፣ ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ባለፈው እሑድ ሄጄ ቀስ ብዬ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የልብስ ስፌቱ ቀልድ ላይ ስደርስ ሳቁ። ስጨርስ፣ «ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሏል» አሉ።

«ምን?»

ጠበቅሁ። ከወንዙ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ጠበቅሁ።

«እኔ ዝም ያልኩት አማርኛ አጥሮኝ ብቻ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ላይ ጻፍሽ። ቁጥር ነው፣ ሥዕል ነው። እኔ አየሁ። ምናልባት እሷ ናት ልክ፣ አልኩ። ሠላሳ ዓመት የረገጥኩበትን እግሬን ትቼ ያንቺን ጠመኔ አመንኩ። የኔም ጥፋት ነው። እሱንም ጻፊ።»

ጻፍኩት።